የቀረ አለ?

በቶሩን ከተማ፣ ከወንዙ አጠገብ፣ ከጥንቱ ቅጥር ሥር፣
ቢሯችን ሁለት ክፍል ናት፤ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ኮምፒውተር።
በኛ አገር ሙት ተከራይ ነው፤
ሃያ ዓመት ነው ውሉ፤
«ጊዜው አልቋል፣ ይታደስ» ተብለው
ዘመዶች ይጠራሉ።

አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ጠራኋቸው፤
ስም ገልብጬ፣ ረድፍ ገልብጬ፣ ቀን ገልብጬ፣
ፖስታ ልሼ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ደግሞ ከላይ ጀምሬ፣
ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆኖ ዕድሜዬ።

አምና ቪቶልድ የሚሉት ልጅ ከማዘጋጃ ቤት መጣ፣
የሹራቡ ክር ከክርኑ የወጣ።
«ኮድ አይጽፉም» አለኝ፤ «ሥዕል ነው፤ ሳጥን ይጎትታሉ፣
ከሳጥን ወደ ሳጥን መስመር ያሰምራሉ።»
አንዱ ሳጥን መዝገብ ከፈተ፤
አንዱ ስም አነሣ፤
አንዱ መልእክት ጻፈ፣ አንዱ ወደ ስልክ ላከ፤
ከዚያ የመጨረሻው መስመር እንደ ማጭድ ታጥፎ
ወደ ኋላ ዞረ፣ ወደ ስሙ ሳጥን፣ ሌሎቹን አልፎ።
«ይሄ ነው ዙሩ፤ በተመለሰ ቁጥር ይጠይቃል፦
የቀረ አለ? ካለ ይሄዳል፤
ከሌለ ይተኛል።»

አራት መቶ አሥራ ዘጠኝ ስም በአንድ የሥራ ቀን አለቀ፤
እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ የሚይዘውን አላወቀ።

ታኅሣሥ ገባ።
ዓርብ ማታ፣ ለብቻዬ፣ አንዲት መስመር ላቀና ብዬ
«ቀጣይ» የሚለውን ክር ነቀልኩ፤ ሳልመልሰው ወጣሁ ኮቴን ለብሼ።
ዙሩ አላየም። ሠራ።
የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቆሞ፣ አንዲት ሴት ላይ ተተክሎ፣
«የቀረ አለ?» «አለ።» «የቀረ አለ?» «አለ» — በየደቂቃው ተከትሎ፤
የሉድቪና ውል አልቋል።
የሉድቪና ውል አልቋል።
የሉድቪና ውል አልቋል።
ዙር አይደክመውም፤ ማፈርም አልተማረም።
እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የመልእክት ሒሳባችን አልቆ
ያ ብቻ ነው ያቆመው፤
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ጠበቀኝ፣
ኢዚዶር ይባላል፤ የጫማው በረዶ ገና አልሟሟም፣
ስልኩን እንደ ሞተ ወፍ በመዳፉ አቅፎ።
«በመጀመሪያው ከፍያለሁ» አለ። «የቀረው ለምንድን ነው?»
ምላሴ ተሳሰረ።
ሳጥኖቹን አሳየሁት፣ መስመሩን፣ የተነቀለውን ክር፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጎንበስ ብሎ ቆየ።

«ትራም ነጂ ነበርኩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት።
መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሐዲዱ እንዲህ ክብ ሠርቶ ይታጠፋል።
ግን ከመዞሬ በፊት እነሣለሁ፣ በወንበሮቹ መሃል አልፋለሁ፤
የተኛ እንዳለ፣ የሰከረ እንዳለ፣ ጓንት የረሳ እንዳለ፣
'የቀረ አለ?' እያልኩ።
የአንቺ ማሽን በአፉ ይጠይቃል እንጂ
ወርዶ አያይም።»

ዝም አለ። ከከንፈሩ ጠርዝ ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣ።
«በሠላሳኛው ላይ ጫማዬን አጠለቅኩ፣
የእጅ ባትሪ ይዤ ሄድኩ።
ምንም የለም። በረዶ ብቻ። ጠረግኩላት።
በሕይወቷ እንኳ እንዲህ ጨቅጭቃኝ አታውቅም!
ቁጥሬን አውጪልኝ፤ ይበቃኛል።»

ሲሄድ ክሩን ሰካሁ፤
«ከፍሏል ወይ?» የሚል ሳጥን ከመላኪያው በፊት አቆምኩ።
ቁጥሩን ሰረዝኩት፤ መዝገቡ አሻፈረኝ አለ፣ በቀይ፦
«ይህ ቦታ ባዶ መሆን አይችልም።»

የሃያ ዓመት ከፍሏል፤ ሰማንያ ሦስት ሞልቶታል።
ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ነውና
ያን ጊዜ ዙሩ ሲመለስ ማንን ሊጠራ ነው?
ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ አለ።
እጄ ከጭኔ ተነሣ፤
የራሴን ስልክ ጻፈ፣ ዘጠኙን አኃዝ፣
ቀስ እያለ፣
አንድ በአንድ።